«ጥቂት ይጠብቁ» የሚለው ገጼ

ስሜ ዳምጠው ነው። ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ሰፈር በምኖርበት ሕንፃ ግን የሚያውቁኝ «ምዜ ኮምፒዩተር» በሚለው ነው። ምዜ በስዋሂሊ ሽማግሌ፣ ክብር ያለው ሰው ማለት ስለሆነ አልተቃወምኩም፤ ልክ የሆነ ነገር አይቃወሙትም። አሥረኛ ክፍልን አልጨረስኩም። ሆኖም ዲግሪያቸውን በመስታወት አስገጥመው ግድግዳ ላይ የሰቀሉ ሰዎች፣ ድረ ገጻቸው ሲቆምባቸው ይደውሉ የነበረው ለእኔ ነው። ያስተማረኝ ትምህርት ቤት የለም። ራሴን በራሴ አስተማርኩ፤ ተማሪውም ጎበዝ ነበር፣ አስተማሪውም።

ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ወሬ ነው። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኪሌሌሽዋ አንድ ወዳጄ ምግብ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ አብሮን የነበረ ነጋዴ፣

«ጋሽ ዳምጠው፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ግን በትክክል ምን ነበር የሚሠሩት?» አለኝ።

«ማዋስና ማስመለስ» አልኩት።

«አራጣ አበዳሪ ነበሩ እንዴ!»

ገበታው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር። ለእሱና እንደ እሱ ላልገባቸው ሰዎች ስል ነው ይህን የምጽፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በድረ ገጽ ላይ አንድ ሰው ቁልፍ በተጫነ ቁጥር፣ ገጹ መረጃው ከተቀመጠበት ዳታቤዝ ጋር መነጋገር አለበት። ለመነጋገር ደግሞ መስመር ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ መስመር ልክፈት ቢባል፣ መክፈቱ ከጥያቄው ይረዝማል። ስለዚህ ጥቂት መስመሮች አስቀድመው ተከፍተው ይቀመጣሉ። የመጣው ጥያቄ አንዱን ይዋሳል፤ ሲጨርስ ለሚቀጥለው ይመልሳል። ይህ የተዘጋጀ የመስመር ክምችት ፑል ይባላል። ስንት መስመር ይኑረው፣ ማን ለስንት ጊዜ ይያዝ፣ መስመር ሲያልቅ የመጣውን ሰው ምን እንበለው የሚሉትን መወሰን ሥራዬ ነበር። ቀላል ይመስላል። ቀላል ቢሆን ኖሮ እኔን አይፈልጉኝም ነበር።

ናይሮቢ የገባሁት በሾፌርነት ነው። ጊጊሪ ውስጥ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት እነዳ ነበር። የሾፌር ሥራ አብዛኛው መጠበቅ ነው። ሌሎቹ መኪና ማቆሚያው ጥላ ሥር ካርታ ሲጫወቱ፣ እኔ ከኮምፒዩተር ክፍሉ የተጣሉ መመሪያ መጻሕፍትን ከቆሻሻ እየለየሁ አነብ ነበር። የመጀመሪያው የዳታቤዝ መጽሐፍ ፊተኞቹ አርባ ገጾች አልነበሩትም። ስለዚህ ዳታቤዝ ምን ማለት እንደሆነ ትርጉሙን እስከ ዛሬ አላነበብኩም፤ ከገጽ አርባ አንድ ጀምሮ ያለውን ግን ጠይቁኝ።

አንድ ቀን የኮምፒዩተር ክፍሉ ኃላፊ ምዜ ኦቲየኖ በመኪናው መስኮት ጎንበስ አሉ።

«ደሬቫ፣» አሉኝ፤ ሾፌር ማለታቸው ነው፣ «መጽሐፉን ታነበዋለህ ወይስ ፀሐይ ትከልልበታለህ?»

«አነበዋለሁ።»

«እንግዲያው ገጽ ሰማንያ ላይ አንድ ስህተት አለ። ነገ አግኝተህ ንገረኝ።»

በማግስቱ ሁለት አገኘሁ። እሳቸው የሚያውቁት አንዱን ብቻ ነበር። በዓመቱ ከመኪናው ወጥቼ ኮምፒዩተር ክፍል ገባሁ። ፎርሙ ሲሞላ «የትምህርት ደረጃ» በሚለው ቦታ ምዜ ኦቲየኖ በእጃቸው «ያነባል» ብለው ጻፉበት።

እኚህ ሰው ወደ ኮምፒዩተር ከመምጣታቸው በፊት የስልክ ማዞሪያ ቤት ኦፕሬተር ነበሩ። ሁለት ልማድ ነበራቸው። የመጀመሪያው ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የእንጨት ሰሌዳ ነው። የእያንዳንዱ መፍቻ፣ ፒንሳና መሞከሪያ ቅርጽ በነጭ ቀለም ተስሎበታል። አንድ መሣሪያ ስታነሳ ቁጥርህ የተቀረጸበትን ትንሽ ክብ የነሐስ ሳህን በቦታው ትሰቅላለህ። የእኔ ቁጥር ሰባት ነበር። ረፋድ ላይ ሻይ ሲመጣ ምዜ ሰሌዳው ፊት ይቆማሉ፤ ባዶ ቅርጽ ካለ ማንም ስኒ አያነሳም። ሳህኑ የተሰቀለበትን ሰው ያዩና፣ «ኡሜማሊዛ?» ይሉታል፤ ጨረስክ? «ሩዲሻ።» መልስ። በቃ፣ ሌላ ቁጣ የለም። ሻዩ እየቀዘቀዘ ስምንት ሰው ሲያይህ ምን ቁጣ ያስፈልጋል?

ሁለተኛው ልማዳቸው የስልክ አነጋገራቸው ነው። የሚጠየቁት ነገር የማይሆን ከሆነ ገና ጠያቂው ሳይጨርስ «አይሆንም፣ እገሌ ጋ ይደውሉ» ብለው ይዘጋሉ። እኔን ያሳፍረኝ ነበር። አንድ ቀን «ምዜ፣ ሰዉን ያስቀይማሉ እኮ» አልኳቸው።

«ወደ ሞምባሳ የሚሄዱት መስመሮች ጥቂት ነበሩ» አሉኝ። «ሲያዙ ለደንበኛው ወዲያው የለም እለዋለሁ። ተናዶ ቴሌግራም ሊልክ ይሮጣል። ቆይ ካልኩት ግን ስልኩን ይዞ ይቆማል፤ ቴሌግራም ቤቱም ይዘጋበታል። የቱ ነው ያስቀየመው?»

ሰማኋቸው፣ ግን አልተቀበልኳቸውም። አባቴ ባለሱቅ ነበር። ስኳር አልቆ እንኳ «የለም» አይልም፤ በረከት ያባርራል ብሎ ያምን ነበር። «ትንሽ አረፍ በሉ፣ አሁን ይመጣል» ይላል። ለለማኝ እንኳ «እግዜር ይስጥልኝ» እንጂ የለኝም አይባልም። እኔ በዚህ ያደግሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ከምዜ ኦቲየኖ ሰሌዳውን ወሰድኩ፤ ስልኩን ተውኩ። ይህች ነገር በኋላ ትመጣለች።

ከጊጊሪ ቀጥሎ መሀል ከተማ ወደሚገኝ የአውቶቡስ ትኬት ድርጅት ተዛወርኩ። በገና ሰሞን ናይሮቢ ሁሉ ወደ ገጠር ሲሄድ፣ የትኬት ገጻቸው በየዓመቱ ይወድቅ ነበር። ገብቼ ባየው ቁልፍ ለሚጫን ሰው ሁሉ አዲስ መስመር ይከፍታል። ያንን አውጥቼ ፑል ሠራሁለት። አለቃዬ መስመሮቹ አሥራ አምስት ብቻ መሆናቸውን ሲሰማ ጮኸ።

«አሥራ አምስት? ሦስት መቶ አድርገው!»

ምሳ ሰዓት ላይ ጥብስ ቤት ወሰድኩት። እንጨቱ ላይ ሥጋ የሚቆርጡት ሦስት ሰዎች ነበሩ። «አሁን መቶ አስተናጋጅ ቢቀጠር ሥጋው ይፈጥናል?» አልኩት። ራሴው መለስኩለት፤ «አይፈጥንም። መቶ ሰው ሦስቱ ቆራጮች ላይ ይጮህባቸዋል፣ አንዱ ጣቱን ይቆርጣል።» ዳታቤዙም ያው ነው። አለቃዬ ሥጋውን አላመጠና «በል አሥራ አምስት ይሁን» አለ። በዚያ ገና ገጹ አልወደቀም። ድርጅቱ ውስጥ ይህን ማድረግ የቻለ ከእኔ በፊት አልነበረም፤ ከእኔ በኋላ ያሉትም የእኔን ነው የሚጠቀሙት።

መጨረሻ የሠራሁበት ቦታ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ሆስፒታሎች ደም ሲያስፈልጋቸው ለደም ማከማቻው ጥያቄ የሚልኩበት ድረ ገጽ ነው። ነርሷ የደሙን ዓይነትና መጠን ሞልታ ትልካለች፤ ማከማቻው ያየዋል፤ ቦዳ ቦዳ፣ ማለት ሞተረኛ፣ ይዞ ይከንፋል። ደሞዙ ከአውቶቡሱ ያነሰ፣ ፎርሙ የበዛ ነበር። አለቃችን ማዳም ንጆኪ ነበረች። አብራኝ የምትሠራው ሊዲያ ናት፤ እዚሁ ናይሮቢ ያደገች የሐበሻ ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ በዩኒቨርሲቲ የተማረች መሐንዲስ። የተማረች ብትሆንም ጎበዝ ናት።

ፑሉን የገነባሁት እኔ ነኝ። ሃያ መስመር ሰጠሁት። መስመር ቢያልቅ ነርሷ ምን ታያለች በሚለው ላይ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ቃል መረጥኩ። በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ፣ በሚያምር ሰማያዊ ፊደል፣ «ጥያቄዎ ደርሶናል፤ እባክዎ ጥቂት ይጠብቁ» ይላል። ባለጌ የሚመስለውን «ስህተት» የሚል ቀይ ጽሑፍ አስወገድኩ። የሚጠብቅበትን የጊዜ ገደብም ዜሮ አደረግሁት፤ በዚያ መሣሪያ ዜሮ ማለት ገደብ የለውም ማለት ነው።

ሊዲያ አየችው።

«ጋሼ፣ ታይምአውቱን ለምን ዜሮ አደረጉት?»

«እንግዳ ይጠብቃል እንጂ አይባረርም።»

«በት ጋሼ፣ ዜሮ እኮ ፎርኤቨር ነው። መስመር ካልተገኘ ነርሷ እዛው ትቀራለች።»

«ትዕግሥት ይባላል። የእናንተ ትውልድ አያውቀውም።»

ትከሻዋን ነቀነቀች። «ሳዋ ቱ፣ ይሁን። ሲኒየሩ እርስዎ ነዎት።»

ለሁለት ዓመት ምንም አልሆነም፤ ሃያውም መስመር በአንዴ ተይዞ አያውቅማ። ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት የማከማቻው ኃላፊ የወሩን ሪፖርት ሊያወጣ ገባ። አንድ ሆስፒታል ቁጥሩን ስላልሞላ ሪፖርቱ መሀል ላይ ተሰናከለ። የሪፖርቱ ፕሮግራም ሲሰናከል የተዋሰውን መስመር ሳይመልስ ነበር የሚወጣው። ይህን የጻፈው ማን ነው? ሰሌዳውን በሄደበት ሁሉ ሲሰብክ የኖረው ዳምጠው ነው። ኃላፊው ደግሞ እልኸኛ ነው፤ እምቢ ሲለው እንደገና ይጫናል። በየመጫኑ አንድ መስመር ጠፋ። ከሃያኛው በኋላ ሰሌዳው ባዶ ሆነ።

በዚያው ሰዓት ካሳራኒ ውስጥ፣ ከቤቴ የሩብ ሰዓት መንገድ በሚርቅ ሆስፒታል፣ አንዲት እናት ወልዳ ደሟ አልቆም ብሎ ነበር። የማዋለጃ ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አኪኒ ጥያቄውን ሞላችና ላከች። የእኔ ገጽ በሰማያዊ ፊደል «ጥያቄዎ ደርሶናል» አላት። አልደረሰንም ነበር። እሷ ግን የደረሰን መስሏት ወደ ታማሚዋ ተመለሰች። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ጠብቃ ነው ስልክ ያነሳችው።

ማዳም ንጆኪ ስልኩን ይዛ ክፍላችን ስትገባ ፊቷን አይቼ ተነሳሁ። ሊዲያ ቁልፎቹን መታ መታ አደረገችና፣

«ጋሼ፣ ሃያውም ተይዘዋል» አለች። «የሚጠቀምባቸው ግን የለም።»

ፕሮግራሙን አጥፍቼ አስነሳሁት፤ መስመሮቹ ተለቀቁ። ደሙ በስልኩ ጥሪ ሄደ። ሴትዮዋ ተረፈች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ከልጇ ተለይታ አሥራ ሁለት ቀን በጽኑ ሕሙማን ክፍል ቆየች። አሥራ ሁለቱንም ቀን አንድ በአንድ ቆጥሬያቸዋለሁ።

በማግስቱ በእግሬ ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩ። ሲስተር አኪኒ ቀጭን፣ ቁጣዋ ድምፅ የሌለው ሴት ናት። ጠረጴዛዋ ላይ አዲስ ደብተር ነበር። የደም ጥያቄዎችን በእጇ እየመዘገበች በስልክ ትጠይቃለች።

«ፕሮግራሙ ትንሽ ችግር...» ብዬ ጀመርኩ።

«ፕሮግራሙን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ደርሶናል የሚለውንስ ቃል?»

«እሱንም እኔ።»

«ምዜ፣» አለችኝ፣ «አይሆንም ቢሉኝ ኖሮ በዚያች ደቂቃ ስልክ አነሳ ነበር። ደርሶናል አሉኝ፤ አመንኩዎት። ደም ለሚፈሳት ሴት ሱቢሪ ኪዶጎ አይባልም።» ሱቢሪ ኪዶጎ፣ ጥቂት ጠብቁ፣ ይኸው ነው።

ስመለስ ማዳም ንጆኪ አስቀመጠችኝ። ሌሎቹ ሆስፒታሎች የሚያዩት ሲስተር አኪኒን ነው። እሷ እስከ ወሩ መጨረሻ ወደ ገጹ ካልተመለሰች ገጹ ይዘጋል፤ ሁሉም ጥያቄ በአንድ ስልክና በአንድ ኦፕሬተር ይሆናል። አንድ ኦፕሬተር የዚህን ሁሉ ሆስፒታል ጥሪ እንደማይችል ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ደግሞ ጡረታዬ ሦስት ወር ቀርቶት ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ሥራ መጨረሻው ደብተር ሊሆን ነው።

ኪሱሙ ከተማ በጡረታ ላይ ላሉት ለምዜ ኦቲየኖ ደወልኩ። ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝና፣

«ደሬቫ፣ ሰሌዳውን ወስደህ ስልኩን ተውከው» አሉኝ። «አሁን ሥራ አለብኝ፣ ደህና ሁን።» ዘጉት። ያሉኝ ይኸው ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ አላስፈለገኝም።

በማግስቱ ሊዲያ አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ልክ ነበርሽ።»

«ጋሼ፣ ይድገሙት፣ ሪኮርድ ላድርግ።»

«አልደግመውም። ወደ ሥራ።»

መጀመሪያ መስመር የሚዋስ ፕሮግራም ሁሉ፣ ቢሳካም ቢሰናከልም፣ ሲወጣ ግድ እንዲመልስ አደረግን። መዋሱ ከመጻፉ በፊት መመለሱ ይጻፋል፤ እያንዳንዱን ፋይል በዚህ ሕግ አንድ በአንድ አየነው። ቀጥሎ መስመር የወሰደ ሁሉ ስሙንና የወሰደበትን ሰዓት እንዲጽፍ አደረግን፤ ይህ የነሐሱ ሳህን ነው። ከአሥር ሰከንድ በላይ የያዘ ካለ ሊዲያ ስክሪን ላይ ስሙ ይወጣል። ሪፖርቱን ከደም ጥያቄው ለየነው፤ የራሱን ሁለት መስመር ይዞ የፈለገውን ያህል ይሰናከል። ሃያውን መስመር ሊዲያ ለክታ ወደ አሥራ ሁለት አወረደችው፤ እንዲያውም ፈጠነ። ጥብስ ቤቱን አስታወስኩ፤ ለምን ሃያ እንዳደረግሁት ግን አትጠይቁኝ።

የቀረው ቃሉ ነው። የሚጠበቀውን ጊዜ ሦስት ሰከንድ አደረግሁት። ሰማያዊውን ፊደል በእጄ ሰረዝኩ። በቦታው በቀይ፣ በትልቁ፣ «አልደረሰንም። አሁኑኑ ይደውሉ» የሚል ጻፍኩ፤ ከሥሩ የማከማቻው ስልክ። ስጽፈው አባቴ ከሱቁ መስኮት የሚያየኝ መሰለኝ። ቢሆንም ጻፍኩት።

ከወሩ ማለቂያ አራት ቀን ቀደም ብለን ከሊዲያ ጋር ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ተሳፍረን ካሳራኒ ሄድን። የመሞከሪያውን ቅጂ ከፍተን አሥራ ሁለቱንም መስመር ሆን ብለን ያዝናቸው። ከዚያ ኮምፒዩተሩን ወደ ሲስተር አኪኒ አዞርኩ።

«ይላኩ» አልኳት።

«ሲበላሽ ለማየት ነው የመጣችሁት?»

«ሲበላሽ ምን እንደሚልዎ ለማየት።»

ደረቷ ላይ የተሰካውን የነርስ ሰዓት አንስታ እያየች መላኪያውን ተጫነች። «ሞጃ፣ ምቢሊ፣ ታቱ...» እያለች እስከ ሦስት ቆጠረች። ቀዩ ወጣ። አንዴ ለራሷ፣ አንዴ ጮክ ብላ አነበበችው።

«ማነው እንዲህ ያለ ባለጌ ጽሑፍ የጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አሁን እውነት ተናገሩ» አለች። ደብተሩን ግን አልዘጋችም። «በልምምድ ሁሉም ይታመናል። ሁለቱንም ጎን ለጎን እይዛለሁ።» ለማዳም ንጆኪ ያ በቃት፤ ገጹ አልተዘጋም። ለእኔ ግን ያ ደብተር ክፍት እስከሆነ ድረስ አልበቃኝም።

ሥራ ልለቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ሲስተር አኪኒ ናት።

«ምዜ! ገጽዎ አባረረኝ!»

በኋላ እንደሰማነው መንገድ ቆፋሪዎች ገመድ በጥሰው ዳታቤዙ ተቋርጦ ነበር። «መቼ?» አልኳት።

«አሁን። ሩብ ሰዓት አይሆነውም። በሦስት ሰከንድ አልደረሰንም አለኝ፤ ደወልኩ።»

«ደሙስ?»

«ቦዳው በር ላይ ቆሟል፤ ልጁ የራስ ቁሩን እንኳ አላወለቀም። ልንገርዎ ብዬ ነው፤ ደብተሩን ለጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ ለቤት ሥራ ሰጠሁት።»

ስልኩን ስዘጋ ሊዲያ «ጋሼ፣ አለቀሱ እንዴ?» አለችኝ። አላለቀስኩም። የናይሮቢ አቧራ ነው።

እንግዲህ ያ ነጋዴ ወዳጃችን እንዲያውቀው፣ የሠራሁት ይህ ነው።

ፊተኛው አርባ ገጽ ከሌለው መጽሐፍ ሙያ ተማርኩ።

በገና ሰሞን ይወድቅ የነበረን ገጽ በአሥራ አምስት መስመር አቆምኩ።

ከእኔ የተሻለች መሐንዲስ አብራኝ እንደምትሠራ አወቅሁ፤ ጊዜ ወሰደብኝ። ወንበሬ አሁን የእሷ ነው፤ ሳትጠይቀኝ መለስኩ። ሰባት ቁጥር ሳህኔንም ከጠረጴዛዋ በላይ ሰቀልኩላት።

በስድሳ ዓመቴ «የለም» ማለት ተማርኩ። አባቴ ይቅር ይበለኝ።

በእኔ ስህተት አሥራ ሁለት ቀን ከልጇ የተለየችውን እናት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ልጁን አሳቀፈችኝ። ትንሽ እንደያዝኩት «ሩዲሻ» አለችኝ፤ መለስኩላት።